ካርቶን

ሳቢያን መዞሪያ ላይ ሰሌዳ ተተክሏል፤
«በአሥራ አምስት ደቂቃ ዘይትዎ ይቀየራል፤
ለስላሳዎን ሳይጨርሱ መኪናዎ ይወጣል።»
ሦስት ወር አለፍኩት መስታወት ዘግቼ፣
በግንቦት ወላፈን ላቤን ጠጥቼ።

የመጋላው አብዱረዛቅ እንዲህ ያለ ቤት አስቀይሮ
ደንገጎ ሦስተኛው ጥምዝ ላይ ሞተሩ ደረቀ፤
ታፖው የት ወደቀ?
ማንም አላወቀ።
ሌላው ደግሞ ይምላል፦
«ያው አሮጌ ዘይት ነው፣ በጨርቅ ተጣርቶ፣
አዲስ ጀሪካን ላይ ማኅተም ተመትቶ።»

ደግሞስ እኔ ሰው አለኝ።
ጋሽ ወልደሰንበት፣ የምድር ባቡር ልጅ፤
ሃያ ሁለት ዓመት ከእሱ ሌላ እጅ
የዚህችን ፔጆ ሆድ ነክቶ አያውቅም።
ካቻቢቴውን ሞተሩ ላይ አቁሞ፣
እጀታውን ከጆሮው ገጥሞ፣
«ሁለተኛዋ ሲሊንደር ትናንት አልተኛችም» ይላል
እንደ ሐኪም ቆዝሞ።
ጠዋት የሰጠኸው ሲመሽ ነው የሚወጣ፤
መሀል ላይ በርጫ አለ፣ መሀል ላይ ሌላ ጣጣ፣
ፈረንሳይኛ ስድብ፣ ከዎርክሾፑ የመጣ።
እጠብቅ ነበረ፣
መጠበቄን ራሱን እምነት ነው እያልኩኝ።

ዘንድሮ ዓይኑ ደከመ።
የገዛ ፊልትሮውን በእጁ ጨብጦ
«ይሄ ደግሞ ምንድነው?» አለኝ።
እናም አንድ ማክሰኞ፣
እንደ ሌባ አድፍጬ፣ ሳቢያን ገባሁ።

ወንበሩን ትቼ፣ ለስላሳውን ትቼ
ጉድጓዱ አፋፍ ቆምኩ፣
እጅ እየቆጠርኩ።
የሴት ልጅ እጅ ነው። ኒዕመት ይሏታል።
ቱታዋን እስከ ክንዷ ጠቅልላ፣
ከመኪናዬ ሥር ቀና ብላ፣
«አቦ፣ ና እስቲ ውረድ፤
ይህን ሳታይ አልፈታም።»

ወረድኩ። ባትሪ አበራች።
ታፖው ጥርስ የለውም፤ በክር ተጠምጥሟል፣
ክሩ በሳሙና ተለስኖ ጠቁሯል፣
ዙሩ ግን እንደ ጥልፍ ተሰድሮ ተቀምጧል።
«ስንት ዓመት ሆነው?» አለች።
እኔ ምን ላውቅ!
ስንቴ በዚህ ክር ደንገጎን ወጣሁ፣
ልጆቼን ጭኜ ሐረር ሰርግ በላሁ፣
«የማምነው ሰው አለኝ» ብዬ ስንቱን አማሁ።

«ኒዕመት! አሥራ ሰባት ደቂቃ!» ይላል አለቃዋ ከላይ።
አልሰማችም፣ ወይ ሰምታ ናቀች።
«አዲስ ጥርስ ማውጣት የሙሉ ቀን ሥራ ነው፣
እዚህ አይሠራም፤ ቶርኖ ቤት ውሰደው።
ለዛሬ ግን…»
ከኪሷ ክር መዘዘች፣
ሳሙና ቆረሰች፣
ያንኑ ዙር፣ በዚያው አቅጣጫ፣ ጠመጠመች።
ማን እንዳስተማራት አልጠየቅኳትም።

ደንገጎ ወገብ ላይ ዳር ይዤ አቆምኩ።
በጀርባዬ ተኝቼ ገባሁ። ደረቅ ነው።
አላመንኩም፤ ዳሰስኩት። ደረቅ ነው።
ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ
ጡሩንባውን ነፍቶብኝ አለፈ።

ማታ ጋሽ ወልደሰንበት
ካቻቢቴ ሳያነሳ፣ በሩ ላይ ስቆም ሰምቶ፣
«ዘይት ቀይረሃል» አለ።
ዝም አልኩ።
«ክሩንስ?»
«መልሳ ጠመጠመችው።»
«ወዴት ዞረች?»
«ወደ ቀኝ።»
የጉንጩን ቅጠል ወደዚያ አዛወረና
«እንግዲያው ታውቃለች» አለ።
ለምን እንዳልነገረኝ ግን
አሁንም አልነገረኝም።

ቶርኖ ቤት አልሄድኩም፤ ነገ እያልኩ አለሁ።
የማካሮኒ ካርቶን አለኝ፣
ማታ ከሞተሩ ሥር አነጥፈዋለሁ፣
ጠዋት፣ ሙቀቱ ሳይነሳ፣
በጉልበቴ ወርጄ አነብበዋለሁ።
አንዳንድ ቀን ንጹሕ ነው።
ዛሬ ግን አንዲት ነጥብ አለች፣ የምስር ፍሬ የምታህል፤
ከታፖው ትሁን ከሌላ ቦታ፣
ወይ ካርቶኑ ከፋብሪካው ይዟት መጥቶ እንደሆን…
አጎንብሼ አሸተትኳት።